ብዙ ኢንዛይሞች በአንድ ዕቃ
የተለወጡ የስኳር ሞለኪውሎችን ስለ መሥራት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር፤ በመጽሔቱ አዘጋጆች ጥያቄ መሠረት በጽሑፍ የቀረበ)




የተሰጠኝ ርእስ ለብዙዎቻችን ከዕለት ሥራችን የራቀ መስሎ ሊታይ ይችላል። ከመካከላችን ቦይለር የሚቆጣጠር፣ የሲሚንቶ ምድጃ የሚያስተዳድር፣ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የሚያጣራ አለ። ስለ ኢንዛይምና ስለ ስኳር ሞለኪውል መነጋገር የባዮሎጂ ሰዎች ድርሻ ነው የሚል ሐሳብ ቢነሣ አይደንቀኝም። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ግን ተቃራኒውን ማስረዳት ነው። ብዙ ኢንዛይሞችን በአንድ ዕቃ ውስጥ አሰባስቦ አንድ ሥራ እንዲፈጽሙ ማድረግ ከሁሉ በፊት የሚዛን፣ የፍጥነትና የሒሳብ ጉዳይ እንደ መሆኑ መጠን፣ የመሐንዲስን እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ነገሩ በስም እንጂ በግብር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ጠላ ሲጠምቁ ብቅሉንና ጌሾውን በአንድ ጋን ይጨምራሉ። የበቀለው ገብስ ያፈራው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም የእህሉን ስታርች እየቆራረጠ ወደ ስኳር ይለውጣል፤ በዚያው ጋን ውስጥ ያለው እርሾ ደግሞ ስኳሩ በተገኘ ቁጥር እየተቀበለ ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ስኳሩ ስለማይጠራቀምም የብቅሉ ኢንዛይም በራሱ ሥራ ውጤት አይታፈንም። አንዱ የሠራውን ሌላው ወዲያው ያነሣለታል፤ ማንም በመካከል ገብቶ ስኳሩን አጣርቶ፣ አድርቆ፣ እንደገና አሟሙቶ አያቀርብም። ዛሬ በታላላቅ ቤተ ሙከራዎች የሚሠራበት ዘዴ ከዚህ የሚለየው የሚገቡት ኢንዛይሞች በስም፣ በመጠንና በጠባይ ታውቀው የተመረጡ በመሆናቸው ነው።

ስኳር ስንል ምን ማለታችን ነው?

በኬሚስትሪ ቋንቋ ስኳር የሚለው ስም በሻይ ውስጥ የምንጨምረውን ብቻ አይመለከትም። ግሉኮስ፣ ጋላክቶስ፣ ማኖስ፣ እንዲሁም በየሕዋሳችን ገጽ ላይ እንደ ጫካ በቅለው የሚገኙት ውስብስብ ሰንሰለቶች ሁሉ የዚህ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የዚህን ቤተሰብ አስቸጋሪነት ለመረዳት አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ግላይሲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ሁለት ጊዜ ወስደን በተለመደው የፕሮቲን ማያያዣ ብናገጥም የምናገኘው አንድ ውሁድ ብቻ ነው። ሁለት ግሉኮሶችን ብናገጥም ግን ጉዳዩ ይለወጣል። የመጀመሪያው በ1ኛ ካርቦኑ ከሁለተኛው 2ኛ፣ 3ኛ፣ 4ኛ ወይም 6ኛ ካርቦን ጋር ሊያያዝ ይችላል፤ እያንዳንዱ ማያያዣ ደግሞ አልፋና ቤታ የሚባሉ ሁለት አቅጣጫዎች አሉት፤ ይህ 8 ይሆናል። ሁለቱም በ1ኛ ካርቦናቸው ሲያያዙ 3 ተጨማሪ ዓይነት ይገኛል። ድምሩ 11 ነው።

ይህ ልዩነት የወረቀት ላይ ጨዋታ አይደለም። የጤፍ ፍሬ ስታርችና የጤፍ ጭድ ሴሉሎስ ሁለቱም የተሠሩት ከግሉኮስ ነው፤ በሁለቱም ዋናው ሰንሰለት የሚያያዘው ከ1ኛ ወደ 4ኛ ካርቦን ነው። አንዱ አልፋ፣ ሌላው ቤታ በመሆኑ ብቻ እንጀራው ለሰው፣ ጭዱ ለበሬ ሆነ፤ በሬውም ቢሆን ጭዱን የሚጠቀምበት በሆዱ ውስጥ ባሉት ረቂቃን ሕዋሳት ረዳትነት ነው። እንግዲህ በስኳር ዓለም አንድ ማያያዣ አቅጣጫውን ቢስት የሚገኘው ነገር ጉድለት ያለበት ዕቃ ሳይሆን ፈጽሞ ሌላ ዕቃ ነው።

የኬሚስቱ መንገድና ዋጋው

ግሉኮስ በጠባይ እጅግ የሚመሳሰሉ አምስት የሃይድሮክሲል ቡድኖች አሉት። ኬሚስቱ ከአምስቱ በአንዱ ላይ ብቻ ሥራ ለመሥራት ሲፈልግ የቀሩትን አራቱን አስቀድሞ መሸፈን፣ ሥራውን መፈጸም፣ ከዚያም ሽፋኖቹን አንድ በአንድ መግለጥ ይኖርበታል። ይህ ዘዴ ታላላቅ ውጤቶች የተገኙበት ነው፤ ዛሬም ያለ እርሱ የማይሠሩ ብዙ ውሁዶች አሉ። ዋጋው ግን ከባድ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ 90 በመቶ ምርት ቢሰጥ እንኳ፣ ከ10 ደረጃዎች በኋላ በእጃችን የሚቀረው 35 በመቶ ያህል፣ ከ20 ደረጃዎች በኋላ ደግሞ 12 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የቀረው በማጣሪያውና በማሟሚያው ፈሳሽ ውስጥ ይቀራል። ማሟሚያውም አብዛኛውን ጊዜ ተቀጣጣይና መርዛማ ስለሆነ፣ የሚወገድበትን መንገድ ማሰብ በመጨረሻ የእኛው የመሐንዲሶች ዕዳ ይሆናል።

ኢንዛይም ከዚህ ሁሉ የሚያድነን በቅርጹ ነው። ኤሚል ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1894 ኢንዛይምንና የሚሠራበትን ንጥረ ነገር በቁልፍና በቁልፍ ጋን መሰላቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ኤድዋርድ ቡህነር ሕይወት ካለው ሕዋስ ተለይቶ የወጣ የእርሾ ጭማቂ ስኳርን ወደ አልኮል ሊለውጥ እንደሚችል አሳየ። ከእነዚህ ሁለት ግኝቶች የምንረዳው፣ ኢንዛይም ትክክለኛውን ቦታና አቅጣጫ ያለ ሽፋን ለይቶ እንደሚያውቅና ከሕዋሱ ተነጥሎም በውሃ ውስጥ፣ ለብ ባለ ሙቀት፣ እንደሚሠራ ነው።

ሕዋስ ስኳርን የሚያያይዝበት ዘዴ

ሕዋስ ስኳርን ከስኳር ጋር ሲያገናኝ በቀጥታ አያጋጥማቸውም። አስቀድሞ ስኳሩን ኑክሊዮታይድ ከተባለ ተሸካሚ ጋር ያያይዘዋል፤ በዚህም ስኳሩ ለመተላለፍ ዝግጁ ይሆናል። ከዚያም ትራንስፈሬዝ የተባለ ኢንዛይም ስኳሩን ከተሸካሚው አንሥቶ በተፈለገው ሰንሰለት ጫፍ ላይ ያስቀምጠዋል። ይህን ምሥጢር የገለጠው የአርጀንቲናው ሊቅ ልዊስ ሌሎይር ሲሆን፣ ስለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1970 የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ችግሩ ተሸካሚው የተጫነበት ስኳር ውድ መሆኑ ነው። ከዚህም በላይ ትራንስፈሬዙ ሥራውን ሲፈጽም ባዶውን ተሸካሚ ይለቃል፤ ይህ ባዶ ተሸካሚ በተጠራቀመ መጠን ኢንዛይሙን ያፍነዋል። እንግዲህ ውዱን ዕቃ እየገዙ መጨመር በአንድ ወገን ኪስን፣ በሌላ ወገን ሥራውን ይጎዳል። መፍትሔው በቅርጹ ቀላል ነው፦ ባዶውን ተሸካሚ በዚያው ዕቃ ውስጥ መልሶ የሚጭን ሌላ ኢንዛይም ማስገባት። ቺ-ሁዌይ ዎንግ፣ ጆርጅ ኋይትሳይድስና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጡት ሥራ በዚህ መንገድ ኤን-አሴቲልላክቶሳሚን የተባለውን ስኳር ሠሩ። ተሸካሚው እንደ ከተማ አውቶቡስ ተሳፋሪውን አውርዶ ተመልሶ ይጭናል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ የሚገባው መጠን ጥቂት ቢሆንም ይበቃል።

ሦስት ሠራተኞች በአንድ ዕቃ

ዘዴውን በዝርዝር ለመመልከት እኔ ራሴ የሠራሁበትን አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ይህም ሲያሊክ አሲድ የተባለው 9 ካርቦን ያለው ስኳር ነው። ሲያሊክ አሲድ በሕዋሳችን ገጽ ላይ ባሉት የስኳር ሰንሰለቶች ጫፍ ላይ ይገኛል። ወደ ሕዋስ የሚመጣ ሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው እርሱን ስለሆነ ብዙ በሽታዎች ከእርሱ ጋር ጉዳይ አላቸው። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የሚጣበቀው በእርሱ ላይ ነው፤ የወፎቹ ቫይረስ በአብዛኛው ከ2ኛ ወደ 3ኛ ካርቦን የተያያዘውን፣ የሰዎቹ ደግሞ ከ2ኛ ወደ 6ኛ የተያያዘውን ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 ለሕክምና የተፈቀደው ዛናሚቪር የተባለው የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒትም አንድ የተለወጠ የሲያሊክ አሲድ ቅርጽ ነው።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የፕሮፌሰር ሺ ቼን ቡድን እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 ባወጣቸው ጽሑፎች ይህን ስኳር ከነተለወጡ ቅርጾቹ በሦስት ኢንዛይሞች በአንድ ዕቃ የመሥራትን ዘዴ አሳይቷል። የመጀመሪያው አልዶሌዝ ነው፤ 6 ካርቦን ካለው የማኖስ ዘርና 3 ካርቦን ካለው ፒሩቬት 9 ካርቦን ያለውን ሲያሊክ አሲድ ይሠራል። ሁለተኛው ሲንተቴዝ ሲሆን፣ ሲቲፒ ከተባለው ኑክሊዮታይድ ወስዶ ሲያሊክ አሲዱን ሲኤምፒ በተባለ ተሸካሚ ላይ ይጭነዋል። ሦስተኛው ሲያሊልትራንስፈሬዝ ነው፤ የተጫነውን ስኳር አንሥቶ ለምሳሌ በወተት ስኳር፣ ማለት በላክቶስ፣ ጫፍ ላይ ያስቀምጠዋል። ሦስቱም በአንድ ዕቃ፣ በ37 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 8.5 አካባቢ፣ ማግኒዚየም ባለበት ውሃ ውስጥ ይሠራሉ።

ኢንዛይሞቹ የተገኙበት ምንጭ ራሱ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ሲንተቴዙ የተወሰደው የማጅራት ገትርን በሽታ ከሚያመጣው ባክቴሪያ፣ ትራንስፈሬዙ ደግሞ ፓስቱሬላ ሙልቶሲዳ ከተባለውና ከብትንና ዶሮን ከሚያሳምመው ባክቴሪያ ነው። አገራችን የማጅራት ገትር ቀበቶ በሚባለው የአፍሪካ ክፍል ውስጥ የምትገኝ በመሆኗ የመጀመሪያውን ስም በመርዶ እንጂ በምሥራች አናውቀውም። ባክቴሪያዎቹ እነዚህን ኢንዛይሞች የያዙት የእኛን ወይም የከብቱን ሲያሊክ አሲድ አስመስለው ለብሰው ከሰውነት የመከላከያ ኃይል ለመሰወር ነው። ተመራማሪዎቹ የኢንዛይሙን ዘረ-መል ብቻ ወስደው ጉዳት በሌለው የኢ. ኮላይ ዝርያ ውስጥ ስለሚያስገቡት በሽታ አምጪውን ባክቴሪያ በእጅ መንካት አያስፈልግም። የጠላት መሣሪያ ተማርኮ ለሥራ ዋለ ማለት ነው።

እነዚህ ኢንዛይሞች ሌላም በጎ ጠባይ አላቸው፤ በሚቀበሉት ንጥረ ነገር ላይ እጅግ ጥብቅ አይደሉም። ከማኖሱ ዘር 6ኛ ካርቦን ላይ ሦስት የናይትሮጅን አቶሞች ያሉት አዛይድ የተባለ ቡድን ቢተከል፣ አልዶሌዙ እንዳለ ተቀብሎ በሲያሊክ አሲዱ 9ኛ ካርቦን ላይ ያሳርፈዋል። ቀጥሎ ያሉት ሁለቱም ያሳልፉታል። አዛይድ በተፈጥሮ በሕዋስ ውስጥ የማይገኝ በመሆኑ እንደ ጆሮ መያዣ ያገለግላል፤ በኋላ ቀለም ወይም መድኃኒት ሊንጠለጠልበት ይችላል። በዚህ ዓይነት ሕያው ሕዋስን ሳይጎዳ የሚፈጸም ኬሚስትሪ ከመሠረቱት አንዷ ካሮሊን ቤርቶዚ እ.ኤ.አ. በ2022 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆናለች። የተለወጠ ስኳር ስንል እንግዲህ እንዲህ ያለውን ማለታችን ነው፤ ጌጡ በመነሻው ላይ በኬሚስቱ እጅ ይሠራል፤ አስቸጋሪው ግንባታ ግን ለኢንዛይሞቹ ይተዋል።

ከአንድ ሌሊት የተገኘ ትምህርት

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ለመናገር እንዲፈቀድልኝ እለምናለሁ። ለከፍተኛ ትምህርት በውጭ አገር በነበርኩበት ጊዜ አንድ ባልደረባዬ ሦስት ሳምንት ደክሞ ያዘጋጀውን፣ አዛይድ የተተከለበትን የማኖስ ዘር በአደራ ሰጠኝ። በትንሽ ብልቃጥ የሠራሁት ሙከራ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አማረ። እኔም ቀሪውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ልሥራ ብዬ ወሰንኩ። ውሃው ሲያንስ ማጣራቱ ይቀላል በሚል ሐሳብ የስኳሩን መጠን ከ10 ወደ 100 ሚሊሞላር ከፍ አደረግሁ። የአሲድነትን መዋዠቅ የሚጠብቀውን በፈር ግን በፊት እንደነበረ በ100 ሚሊሞላር ተውኩት።

ማታ በቀጭኑ የክሮማቶግራፊ ንጣፍ ላይ ስመለከት የምርቱ ነጥብ ጎልቶ ይታይ ነበር። ሥራው ይፈጸም ብዬ ዕቃውን እንዳለ ትቼ ወደ ማደሪያዬ ሄድኩ። ጠዋት ስመለስ በዕቃው ግርጌ ነጭ ዝቃጭ ተኝቶ አገኘሁ፤ የምርቱም ነጥብ ደብዝዞ የላክቶሱ ነጥብ እንደገና ጎልቷል። የፒኤች ወረቀት ነክሬ ብመለከት ከ6 በታች ወርዷል።

የሆነው ነገር ከታወቀ በኋላ ቀላል ነበር። ሲንተቴዙ ተሸካሚውን ሲጭን፣ የሚለቀቀውም ፓይሮፎስፌት ሲፈርስ አሲድ ይወጣል። በትንሹ ሙከራ ውስጥ ይህን አሲድ በፈሩ ችሎት ነበር፤ ስኳሩ ዐሥር እጥፍ ሲሆን ግን አሲዱም ዐሥር እጥፍ ሆነና የበፈሩ አቅም አለቀ። ከዚያ በኋላ የሆነው ይብሳል። ያ የፓስቱሬላ ትራንስፈሬዝ ከአንድ በላይ ጠባይ አለው። ፒኤቹ ከ7.5 በላይ ሲሆን ይገነባል፤ ውሃው ወደ አሲድ ሲያዘነብል ግን የገነባውን መልሶ ያፈርሳል። ይህ ጠባዩ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው ጽሑፍ ላይ በግልጥ ተጽፏል፤ እኔም አንብቤዋለሁ። አንብቤ ነበር እንጂ አላሰላሁትም። ነጩ ዝቃጭ ደግሞ ማግኒዚየሙ ከፓይሮፎስፌቱ ጋር ተጣምሮ የሠራው ነበር፤ ይህም ሲንተቴዙ የሚያስፈልገውን ማግኒዚየም ከውሃው ቀንሶበታል።

ባልደረባዬ አልተቆጣም። “ከመካከላችን መሐንዲሱ አንተ ነህ፤ አሲዱን ማስላት የነበረብህ አንተ ነበርክ” አለኝ እንጂ ሌላ ቃል አልጨመረም። አባባሉ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። ሒሳቡ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ፣ በሁለተኛው ዓመት ትምህርት የተማርነው ተራ የግብዓትና የውጤት ሚዛን ነው። ከጠፋውም ስኳር ልናድን የቻልነው ከፊሉን ብቻ ነው።

የዕቃው ሕጎች

ከዚያች ሌሊት ወዲህ አንድን ዕቃ ከማዘጋጀቴ በፊት አምስት ነገሮችን በወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ለሥራ ባልደረቦቼ ይጠቅሙ ይሆናል በሚል እምነት አቀርባቸዋለሁ።

አንደኛ፦ የሚፈለገው የእያንዳንዱ ኢንዛይም ምርጥ ሁኔታ ሳይሆን ሁሉም ተቻችለው የሚሠሩበት ሁኔታ ነው። አንዱ በገለልተኛ ውሃ፣ ሌላው በአልካላይ ውሃ ይበረታ ይሆናል፤ ሁሉም በጥቂቱ ተጎድተው ማንም የማይቆምበትን ነጥብ መፈለግ ግድ ነው። ነጥቡም ከመነሻው እስከ መጨረሻው ሰዓት መጠበቅ አለበት።

ሁለተኛ፦ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያዘነብል ማወቅ ነው። የአልዶሌዙ ሥራ ወደፊትም ወደኋላም የሚሄድ ነው፤ እንዲያውም ብቻውን ሲተው ሲያሊክ አሲዱን ማፍረስ ይቀናዋል። ስለዚህ ርካሹ ፒሩቬት ብዙ ጊዜ አምስት እጥፍ ያህል ተደርጎ ይጨመራል፤ ቀጣዮቹም ኢንዛይሞች ምርቱን እያነሡ ወደፊት ይጎትቱታል። በአንድ ዕቃ የመሥራት ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ብቻውን የማይሄደው ደረጃ በሚከተለው ደረጃ ኃይል ይጎተታል።

ሦስተኛ፦ ትርፉን ማስወገድ ነው። ፓይሮፎስፌቱን የሚያፈርስ ፓይሮፎስፋቴዝ የተባለ አራተኛ ኢንዛይም ቢጨመር በመንገድ ላይ የቆመው እንቅፋት ይነሣል። ባዶ ተሸካሚውንም በፎስፋቴዝ ማፍረስ ይቻላል። ነገር ግን ያ ፎስፋቴዝ በግዢ ያስገባነውን ሲቲፒም ከመብላት አይመለስም፤ አጽጂው የጓዳውን እህል እንዳይጠርግ ሰዓቱንና መጠኑን መወሰን ያስፈልጋል።

አራተኛ፦ ፍጥነትን ማመጣጠን ነው። የተጫነው ሲያሊክ አሲድ በራሱ የሚፈርስ ደካማ ውሁድ ነው። ሁለተኛው ኢንዛይም ከሦስተኛው እጅግ ከፈጠነ የሚጠራቀመው ሀብት ሳይሆን ኪሳራ ነው። ውድ ኢንዛይም በብዛት መጨመርም መፍትሔ አይሆንም፤ የዕቃውን ፍጥነት የሚወስነው ከሁሉ የሚዘገየው ደረጃ ነውና።

አምስተኛ፦ መቼ እንደሚቆም ማወቅ ነው። የተጠናቀቀን ሥራ በዕቃው ውስጥ ማሳደር እኔን ያስከፈለኝን ሰምታችኋል። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ2012 የዚያው ቡድን ሰዎች የትራንስፈሬዙን 144ኛ አሚኖ አሲድ በሌላ ተክተው የማፍረስ ጠባዩ እጅግ የቀነሰ ዝርያ ሠርተዋል። ይህ ትልቅ እርዳታ ነው፤ ሰዓት ከመመልከት ግን አያድንም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ስለ ኢንዛይሞች ግን መጨመር ያለበት ነገር አለ፤ ካልተመጣጠነ ድሩ ያስራል እንጂ የሚታሰረው አንበሳ ሳይሆን ሸማኔው ራሱ ሊሆን ይችላል።

ከቤተ ሙከራ ወደ ፋብሪካ

ይህ ዘዴ ከትንሽ ብልቃጥ የማያልፍ ነውን ለሚለው ጥያቄ ሁለት ምሳሌዎች እሰጣለሁ። የመጀመሪያው ኢስላትራቪር የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ነው። በዚህ ሞለኪውል ውስጥ ያለው ስኳር 4ኛ ካርቦኑ ላይ ኢቲናይል የተባለ ቡድን የተተከለበት ዲኦክሲራይቦስ ነው። ቀድሞ በኬሚስትሪ መንገድ የተሠራው ከ12 እስከ 18 ደረጃዎችን አልፎ ነበር። የመርክ ኩባንያ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ሥራ ዘጠኝ ኢንዛይሞችን ተጠቅመው፣ በመካከል ያለውን ምርት ነጥለው ሳያወጡ፣ በውሃ ውስጥ ሠርተው 51 በመቶ ምርት አገኙ። ከዘጠኙ አምስቱ ለዚሁ ሥራ በተደጋጋሚ ለውጥና ምርጫ የተሻሻሉ ናቸው፤ ይህን የማሻሻያ መንገድ ያቀናችው ፍራንሲስ አርኖልድ እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማት ተካፍላለች። የመጨረሻው ደረጃ የሚለቀው ፎስፌት ወደኋላ እንዳይመልሰው ያደረጉት ነገር ለእኛ ሊያስደስት የሚገባ ነው፤ ተራውን ስኳር፣ ሱክሮስን፣ ከአንድ ኢንዛይም ጋር ጨምረው ፎስፌቱን እንዲውጠው አደረጉ።

ይህን ስናደንቅ ግን አንድ ነገር እንዳንረሳ። መድኃኒቱ በሰዎች ላይ ሲሞከር የአንዳንዶቹን ነጭ የደም ሕዋሳት ቁጥር መቀነሱ በመታወቁ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ሙከራው እንዲቆም ታዘዘ፤ በኋላም ባነሰ መጠን ቀጥሏል። የአሠራር ውበት ለመድኃኒት ደኅንነት ዋስ አይሆንም፤ ሁለቱ በየራሳቸው ሚዛን ይመዘናሉ።

ሁለተኛው ምሳሌ የእናት ወተት ነው። በአንድ ሊትር የእናት ወተት ውስጥ ከ5 እስከ 15 ግራም የሚደርሱ ልዩ ልዩ የስኳር ሰንሰለቶች አሉ። ሕፃኑ ራሱ አይፈጫቸውም፤ በአንጀቱ የሚኖሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይመግቡለታል። ከእነዚህ ዋነኛ የሆነው ፉኮሲልላክቶስ በኢንዛይሞች በአንድ ዕቃ ሊሠራ ይችላል። በፋብሪካ መጠን ሲታሰብ ግን ዘረ-መሉ የተለወጠ ባክቴሪያ ራሱን እንደ ዕቃ መጠቀም ርካሽ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሕዋሱ ተሸካሚውን በራሱ ወጪ እየጫነ ይሰጣልና። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ስኳር ለምግብነት የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ስለዚህ በተጣራ ኢንዛይም መሥራት ሁልጊዜ የተሻለ ነው ብዬ አልከራከርም። በተፈጥሮ የሚገኘው ስኳር በቶን ሲፈለግ ሕያው ሕዋስ ይመረጣል፤ ሕዋስ የማይቀበለው የተለወጠ ስኳር በግራም ወይም በኪሎ ሲፈለግ ግን የኢንዛይሞቹ ዕቃ ይበልጣል።

ለእኛ የሚሆነው

በመጨረሻ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል ወደሚለው እመጣለሁ። ወንጂ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በአገራችን ስኳር የምንለው ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣውን፣ ተመዝኖ በኩንታል የሚሸጠውን ነው። ዛሬ ግን ሱክሮስ ጣፋጭ ብቻ ሳይሆን የኃይል ምንጭ ተደርጎ ሊታይ ይገባዋል። ሱክሮስ ሲንቴዝ የተባለ የዕፀዋት ኢንዛይም ሱክሮስን ሰንጥቆ ግሉኮሱን በቀጥታ ዩዲፒ በተባለው ተሸካሚ ላይ ይጭነዋል፤ ባዶ ሆኖ የተመለሰውንም እንደገና ይጭነዋል። ማለትም ቀድሞ እጅግ ውድ የነበረውን ነገር በሱቅ ከሚገኝ ስኳር በዚያው ዕቃ ውስጥ ለማግኘት ይቻላል።

ነገ ፋብሪካ እንትከል አልልም። የማቀርበው ሐሳብ ከዚያ ያነሰ፣ ነገር ግን ሊጀመር የሚችል ነው። ከኢንዛይም ዋጋ ይልቅ የሚያስቸግረው ሳይበላሽ በቅዝቃዜ አጓጉዞ ማምጣቱ ነው፤ ዘረ-መሉን የያዘው የኢ. ኮላይ ዝርያ ግን አንድ ጊዜ ከተገኘ በማቀዝቀዣ ተቀምጦ በተፈለገ ጊዜ እየተራባ ኢንዛይሙን ይሰጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ልንማር የሚገባን ኢንዛይሙን ራሳችን ማምረትን፣ መለካትንና ጤንነቱን መጠበቅን ነው። ከዚህ ጋር የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂና የምሕንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን በአንድ ዕቃ ዙሪያ አብረው የሚሠሩበት መንገድ ቢከፈት፣ እኔ በውጭ አገር በአንድ ሌሊት ኪሳራ የተማርኩትን እነርሱ በክፍል ውስጥ በወረቀት ላይ ይማሩት ነበር። ማኅበራችን ይህን ሐሳብ ለየትምህርት ክፍሎቹ በደብዳቤ ቢያቀርብ፣ አንድ አነስተኛ የጥናት ጓድም ቢያቋቁም፣ እኔ በበኩሌ ከሥራ ሰዓቴ ውጪ ለማገልገል ዝግጁ ነኝ።

የዚያ ባልደረባዬ አነጋገር ተግሣጽ ብቻ ሳይሆን የሥራ ክፍፍል እንደ ነበረ በኋላ ተረድቻለሁ። እርሱ ስኳሩን ያውቃል፤ ባዮሎጂስቱ ኢንዛይሙን ያውቃል፤ አሲዱን፣ ሙቀቱን፣ ፍጥነቱንና ወጪውን አስልቶ የሚጠብቅ ሦስተኛ ሰው ግን ያስፈልጋል። ያ ሰው ቦታው ላይ ካልተገኘ ዕቃው የሁለቱን ድካም በአንድ ሌሊት ሊያፈርሰው ይችላል።